«ሥራ የለኝም» ያሉት ሴቶች

ሰኞ

ዛሬም አሥራ አንዱም ሴቶች «ሥራ የለኝም» አሉ። አንዷ እንኳ ሌላ መልስ አልሰጠችም። አስተርጓሚዬ ሐዋ በአካባቢው ቋንቋ፣ በበርታኛ፣ ትጠይቃለች፣ ሴትየዋ ፈገግ ብላ ራሷን ትነቀንቃለች፣ ሐዋ ወደ እኔ ዞራ «የለኝም ትላለች» ትለኛለች። እኔ ሳጥኑ ውስጥ ምልክት አደርጋለሁ። ወደሚቀጥለው ቤት።

በዚህ ሁኔታ ስልሳ ሁለት ቤት ጨረስን። በራሴ ስም የምመራው የመጀመሪያ ጥናት ነው። ከነቀምት አሶሳ መጥቼ ማስተማር ከጀመርኩ ሦስተኛ ዓመቴ ነው፤ ሁለት ጊዜ የጥናት ሐሳብ አቅርቤ ሁለቴም ወድቆብኛል። ይኼኛው አለፈ። በገጠር ቤተሰብ ውስጥ ሥራ በባልና ሚስት መካከል እንዴት እንደሚከፋፈል የሚያይ ነው። ውጤቱን አንድ የእርዳታ ድርጅት ይጠብቃል፤ በኩርሙክ መንገድ ላይ ላለው ለዚህ ቀበሌ ሥልጠና ይስጥ ወይስ የውኃ ጉድጓድና የእህል ወፍጮ ይሥራ፣ በእሱ ላይ ተመሥርቶ ይወስናል።

መልሱ አንድ ዓይነት ሲሆን ለትንተና ይመቻል። ከመንደር እንደተመለስኩ የሪፖርቱን መክፈቻ ጻፍኩ፦ «በቀበሌው የሚኖሩ ሴቶች በሥራ ላይ ያላቸው ተሳትፎ እጅግ አነስተኛ ነው።» ጥሩ ዓረፍተ ነገር ሆናልኛለች።

አንድ ነገር ብቻ ከነከነኝ። የመጨረሻዋ ሴት «ሥራ የለኝም» ስትል ልጅ አዝላ ባሚያ እየከተፈች ነበር።

ለነገ፦
– የጎደሉ ሁለት ቅጾች ማሟላት
– ለአምስት ሴቶች መልሳቸውን አንብቦ ማረጋገጥ (የአማካሪዬ የዶክተር ታደለ ትእዛዝ)
– ስልክ ቻርጅ ማድረግ
– ሐዋ ማንጎ ማምጣቷን እንድታቆም መለመን። ቤቴ የማንጎ መጋዘን ሆኗል።

ማክሰኞ

ጉድ ሆንኩ።

ማረጋገጫውን ካልቲ ዘይነብ ቤት ጀመርን። ካልቲ በዓረብኛ አክስቴ ማለት ነው፤ እዚህ ትልልቅ ሴቶችን ሁሉም እንደዚህ ይጠራል። ባላቸው ከሞቱ ቆይቷል። የመንደሩ ሴት ሁሉ የሚሰማቸው ሰው ናቸው። ስንደርስ ከማሳ መግባታቸው ነበር፤ መቆፈሪያቸውን ከሸመሉ አጥር አስደግፈው ተቀመጡ።

ቅጻቸውን አነበብኩላቸው። ዕድሜ፣ ልክ ነው። የልጆች ብዛት፣ ልክ ነው። ሥራ፣ የለኝም። ሐዋ ተረጎመች። ካልቲ ዘይነብ መጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ ሳቁን ተዉትና ሐዋን አልፈው ገበያ ላይ በተማሩት አማርኛ በቀጥታ ያዙኝ።

«ይህ ወረቀት ማን ጻፈች?»

«እኔ ነኝ፣ ካልቲ።»

«እኔ ሥራ የለም? ውኃ ማን አመጣ? ማሽላ ማን ፈጨ? እርሻ ማን ቆፈረ? ወርቅ አጠባ ማን ሄደ? ጂኒ ነው?»

ሐዋ መሬት መሬት ታያለች። ስንወጣ መንገዱ ዳር ቆመችና እንደምንም ነገረችኝ። ጥያቄውን ስንተረጉም የተጠቀምንበት ቃል እዚህ የሚነገረው ለቅጥር ነው፤ የመንግሥት ደመወዝ ለሚበላ ሰው። ስለዚህ እኛ ስልሳ ሁለት ሴቶችን ስንጠይቅ የከረምነው «መንግሥት ቀጥሮሻል ወይ» ብለን ነው። የለም አሉ። እውነታቸውን ነው።

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?» አልኳት። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር።

«ነግሬሽ ነበር እኮ» አለች ቀስ ብላ። «የሥልጠናው ቀን ሁለት ቃል አለ አልኩሽ። አጭሩን ያዢ አልሽኝ።»

ልክ ናት። አስታወስኩት። ምሳ ሰዓት ደርሶ ነበር፣ ቸኩዬ ነበር። አጭሩን ያዢ አልኳት።

ቆይቼ ይቅርታ ጠየቅኳት። «እኔም ደግሜ መናገር ነበረብኝ፤ ግን አንቺ የተማርሽ ነሽ ብዬ ተውኩት» አለች። ይህ ከሁሉ የባሰ ነው። ሐዋ እኮ አስተማሪ ናት፤ አንደኛ ክፍል ልጆችን ፊደል የምታስቆጥር።

ረቡዕ

መንደር አልሄድኩም። ቅጾቹን ጠረጴዛ ላይ ደርድሬ ሳያቸው ዋልኩ።

አጠገቤ ያለው ቢሮ ውስጥ የሚሠራ ባልደረባዬ ሰምቶ «ምን ያስጨንቅሻል? ውስንነት በሚለው ርዕስ ሥር አንድ መስመር ጻፊና እለፊ። ማን ያነበዋል?» አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሊያግዘኝ ነው። እውነት ለመናገር ግማሽ ቀን ያህል ምክሩን ይዤው ነበር። ዓረፍተ ነገሩንም በአእምሮዬ አዘጋጅቼ ነበር።

ሐሳቤን የለወጠው የድርጅቱ ሰው የላከው ወረቀት ነው። የሴቶች የሥራ ተሳትፎ አነስተኛ ሆኖ ከተገኘ ምን እንደሚያደርጉ አስቀድመው ጽፈዋል፦ «የሥራ ባህልን የሚያዳብር ሥልጠና።» ለካልቲ ዘይነብ! እኚያን ሴት ሥራ ውደጂ የሚል ሰው አሶሳ ሆቴል ሰብስቦ ሲያስተምራቸው ታየኝ። ሥልጠናው ከተመረጠ የውኃ ጉድጓዱና የእህል ወፍጮው ለሌላ ቀበሌ ይሄዳል።

ከሰዓት በኋላ ለአማካሪዬ ለዶክተር ታደለ ደወልኩ። አዲስ አበባ ናቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው፣ አጭሩን ያዢ ማለቴንም ጭምር።

«መኪናው እስከ ቅዳሜ ነው የተፈቀደልሽ» አሉ። «ሰኞ መረጃው መግባት አለበት። ካልሞላ ዘንድሮ አይቀርብም፣ የማዕረግ ዕድገትሽም አብሮ ይተላለፋል። ይገባሻል?»

«ይገባኛል።»

«እንግዲህ የምትችይውን አድርጊ። ስለነገርሽኝ ደግ አደረግሽ።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ይዤ ቁጭ ብያለሁ። ስልሳ ሁለት ቤት፣ ሦስት ቀን፣ ሁለት ሰው። አይሆንም። ግን እንጀምረው።

ሐሙስ

ሐዋ ለርዕሰ መምህሯ ነግራ ፈቃድ አውጥታ ጠበቀችኝ። ሳልጠይቃት። አዲሱን ጥያቄ መኪና ውስጥ አብረን አወጣነው፤ በዚህ ጊዜ ቃሉን የመረጠችው እሷ ናት። «ሥራ አለሽ ወይ» የሚለውን ሰረዝነው። «ትናንት ከተነሳሽ ጀምሮ እስክትተኚ ምን ምን አደረግሽ?» በቃ።

ካልቲ ዘይነብ ዘንድ ሄጄ የተሳሳትኩት እኔ እንደሆንኩ ተናገርኩ። የመጀመሪያው ወረቀት እንዲሻር እንደምፈልግ፣ ጊዜ ግን እንደሌለኝ። አዩኝ። «ቤት ለቤት ትሄዳለህ፣ ታገኛለህ?» አሉ። «ሴት ቤት የለም። ሴት ውኃ ላይ ነው። ና።»

እንዴት አላሰብኩትም! ወንዙ ዳር ወረፋ የሚጠብቁ ሴቶች ነበሩ። በደረቁ አሸዋ ውስጥ የተቆፈረች ትንሽ ጉድጓድ አለች፤ ቀስ ብላ ውኃ ታቆራለች፣ በጣሳ እየጨለፉ ጀሪካን ይሞላሉ። ወረፋው ረዥም ስለሆነ ለጨዋታ ጊዜ አለ። አንዷ ስትጀምር ሌላዋ ታስታውሳታለች። «እንጨቱን ዘለልሽው!» «የአማትሽን እግር ማጠብሽንስ?» ሐዋ ትተረጉማለች፣ እኔ እጽፋለሁ፤ እጄ ዛለ።

ስንመለስ የአንዷን ሸክም ልሞክር አልኩ። ወፍራም ዘንግ ትከሻ ላይ ይጋደማል፣ በሁለቱ ጫፍ ጀሪካን ይንጠለጠላል። ሃያ እርምጃ ያህል ሄጄ አንደኛውን ጀሪካን ከድንጋይ አጋጨሁት። ፈሰሰ። የሴትየዋ የአንድ ሰዓት ወረፋ መሆኑን ሳስብ ማልቀስ ቃጣኝ። እነሱ ግን ሳቁ፣ ከየጀሪካናቸው ትንሽ ትንሽ እየቀዱ ሞሉላት።

ዛሬ ሃያ ስድስት ሴቶች። ተመስገን!

ዓርብ

ከጠዋቱ ሰማዩ ጠቁሮ ዋለ፣ ግን አልጣለም።

የቀበሌው ሊቀመንበር አቶ ኢድሪስ ከጁምዓ ሶላት ሲመለስ ቤቱ ደጃፍ ሚስቱን ስናነጋግር አገኘን። ተቆጣ። «የመጀመሪያውን ወረቀት ማኅተም አድርጌበታለሁ። አሁን ሌላ ወረቀት! ሰው ምን ይላል? ቀበሌው ይዋሻል አይልም?» ልክ ነው፤ ያሳፈርኩት እሱንም ነው። የዋሸው ቀበሌው እንዳልሆነ፣ ስህተቱ በእኔ ስም እንደሚጻፍ ነገርኩት። አላመነኝም፣ ግን በርጩማ ስቦ ተቀመጠ። እስክንጨርስ ሊጠብቅ ነው። ሚስቱ ፋጡማ ዝም ትላለች ብዬ ሰጋሁ።

አላለችም። ጀመረች። ውኃ ሁለት ጊዜ። ማሽላ መፍጨት። ገንፎ። ማሳ ምንጣሮ። እንጨት። የታመመች እህቷ ቤት ሄዳ ማብሰል። ልብስ ማጠብ። እንደገና ውኃ። ሐዋ እየተረጎመች ሄደች። ኢድሪስ መጀመሪያ ስልኩን ይነካካ ነበር፤ በኋላ ስልኩን ኪሱ ከተተ። ፋጡማ «በቃ» ብላ ስትጨርስ ብዕሬን ከደንኩ።

«አልጨረሰችም» አለ ኢድሪስ በአማርኛ፣ ወደ እኔ ሳይዞር። «ትንሹ ልጅ ያመዋል። ሌሊት ሦስት ጊዜ ተነሳች። እሱን አልነገረችሽም። ጻፊው።»

ጻፍኩት። ፋጡማ ወደ እሱ ዞር ብላ አየችው። ምን እንዳሰበች አልጠየቅኳትም፤ ቅጹ ላይ ቦታ የለውም።

ከዚያ ራሱ ተነስቶ ጎረቤቶችን ጠራልን። አሥራ ዘጠኝ ሴቶች። የቀሩት አሥራ ሰባት ናቸው፤ ሁሉም ከወንዙ ማዶ።

ቅዳሜ

ሌሊት ዘነበ። የዓመቱ የመጀመሪያ ትልቅ ዝናብ። ለመንደሩ ደስታ ነው፤ ለእኔ ግን አይደለም። መኪናው ሁለት ቦታ ጭቃ ውስጥ ገባ። ሾፌሩ ጋሽ በቀለ «ስምንት ሰዓት ላይ መነሳት አለብን፤ ከዚያ በኋላ እዚሁ ነው የምናድረው» አለኝ። መንደር ስንደርስ አራት ሰዓት አልፏል።

ወንዙ ሞልቷል። ሐሙስ ዕለት ደረቅ አሸዋ የነበረው ቦታ ቡናማ ውኃ ይጋልባል። ማዶ ያሉት ቤቶች ይታዩናል፣ መሻገር ግን አይታሰብም። ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። አርባ አምስት ደርሰን እዚህ ላይ መቅረት። ሐዋ አጠገቤ ተቀመጠች። «አርባ አምስትም እውነት ነው» አለችኝ። መጽናናት አልፈለግኩም፣ ግን አጽናናችኝ።

አምስት ሰዓት ገደማ ከላይኛው መንገድ የሴቶች ድምፅ ሰማን። ካልቲ ዘይነብ ከፊት፣ ከኋላቸው ሌሎች፣ ቀሚሳቸው እስከ ጉልበት ረጥቦ። ካልቲ ማለዳ ተነስተው፣ ወንዙ ሰፋ ብሎ ውኃው በሚሳሳበት በላይኛው መሻገሪያ ዞረው ማዶ ሄደው ኖሯል። ደርሶ መልስ ሁለት ሰዓት መንገድ ነው። አሥራ አምስት ሴቶች ይዘው መጡ።

«ሁለት ቀረ» አሉኝ፣ እያለከለኩ። «አንዱ ወለደች። አንዱ ባል ከለከለ።»

እግራቸው ላይ መውደቅ አማረኝ። «ካልቲ፣ ለምን ይህን ሁሉ ደከሙ?» አልኩ። ረጋ ብለው ለሐዋ በበርታኛ ተናገሩ፤ በአማርኛ ሊበላሽባቸው ያልፈለጉት ነገር ነበር። ሐዋ ተረጎመችልኝ፦ «ብዙ ሰው መጥቶ ጠይቆን ያውቃል። ተሳስቻለሁ ብሎ ተመልሶ የመጣ ግን አላየንም ይላሉ።»

ለስምንት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ ጨረስን። ጋሽ በቀለ ሞተሩን አስነስቶ ነበር።

እሑድ

ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። የምስጋና ጸሎት ሰዓት ሲደርስ አምላክን የማመሰግንላቸው ሰዎች ስም ስለበዛብኝ ሌላው ሰው አሜን ካለ በኋላም እኔ አልጨረስኩም ነበር።

ከሰዓት ቅጾቹን ስካን አድርጌ ለዶክተር ታደለ ላክሁ። ከመምሸቱ በፊት ደወሉ። «ስልሳውንም አነበብኩ» አሉ። «የመጀመሪያዎቹን ቅጾች እንዳትጥያቸው። ስህተቱ እንዴት እንደተፈጠረና ማን እንዳረመው ራሱን የቻለ ምዕራፍ ይሁን። የተርጓሚዋ ስም ሽፋኑ ላይ ከስምሽ ጋር ይግባ።» ሁለቱ ሴቶች መቅረታቸውን ጻፊ አሉኝ፤ ምክንያታቸውንም።

ወዲያው ለሐዋ ነገርኳት። «ሽፋኑ ላይ? የውጪው ሽፋን?» ብላ ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ። ከዚያ ስልኩን ለእናቷ ሰጠቻትና እኔ የማላውቀውን በርታኛ ሰማሁ፤ ምርቃት መሆኑ ግን ገባኝ።

የሰኞዋን ቆንጆ ዓረፍተ ነገር አጠፋሁ። በምትኩ እስካሁን ምንም አልጻፍኩም።

ለድርጅቱ ሰው አዲሱን ውጤት ልኬለታለሁ፤ ውኃውንና ወፍጮውን ደግመው እንዲያስቡበት ለምኜ። «ደርሶኛል» ብቻ ብሎ መለሰ። ገንዘቡ ለሥልጠናው ተመድቦ አልቆ ሊሆን ይችላል። ላይሆንም ይችላል። እስከ ረቡዕ እንወስናለን ብለው ነበር። ስልኬን ደጋግሜ እያየሁ ነው።