የደቡቡ በር

ቆሰበር፣ ሚያዝያ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለታላቅ ወንድሜ ለጋሼ አድማሴ
ጫግኒ

የቆላው ሙቀት እንዴት አድርጎህ ይሆን? ጉልበትህስ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ስልክ ብደውል ድምፄን ስትሰማ ስለምትዘጋው በወረቀት መጣሁ። እመቤት ልጄ፣ ለአባትሽ ስታነቢለት ቀስ በይ፤ ቢቆጣም አትዝለይ።

ነገሩ የእኛ የመካነ ኢየሱሶቹ ቤተ ክርስቲያን ነው። ደርግ እንደወደቀ አንተ የሠራሃት፣ ሰፈሩ የሚሲዮን ቤት የሚላት፣ ክቧ። ጣራዋ ታፈሳለች። ከምሰሶው ራስ ላይ የሚገናኘው እንጨት በስብሷል፤ ባለፈው እሑድ ዝናቡ የቄሱ መጽሐፍ ላይ ጠብ አለ።

ስብሰባ ተጠራ። የመዘምራኑ መሪ ምስጋናው ተነሥቶ፣ "እናፍርሳትና በብሎኬት ባለ አራት ማዕዘን አዳራሽ እንሥራ። ይህ ምሰሶ እንደሆነ ሰባኪውን ይጋርዳል" አለ። እትዬ ወርቅአየሁ ከኋላ ሆና፣ "አንተ ልጅ፣ ከምሰሶው ጀርባ ተከልሎ የሚያንቀላፋው ማነው ታዲያ?" ብትለው ቤቱ በሳቅ ተሞላ።

እኔ አልሳቅሁም፤ ተነሣሁ። እንደምታውቀው ከስድስተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ በሰው ፊት መናገርም አይሆንልኝም። ቢሆንም ነገርኳቸው። የሚሲዮኑ ሰው ማማ ያለው ረዥም ቤት የተሣለበት ወረቀት ሲያሳይህ፣ አዙረህ አይተህ "ይኼ ጎተራ ነው ጋጣ?" ያልከውን። "በዚህ አገር ነፋስ ማዕዘን ያለው ቤት አይበረክትም" ብለህ፣ ገመድ ከችካል አስረህ መሬቱን በክብ የለካኸውን። የጽዱን ምሰሶ በትከሻችን ያመጣነውን። ሦስት በር ስታወጣ ሰውየው "ለምን ሦስት?" ቢልህ፣ "ወንዱ በየት ሊገባ ነው? ሴቷስ? ቄሱስ?" ብለህ የመለስክለትን። ቤተ ክርስቲያን ሲሠራ ሌላ አሠራር አታውቅም ነበርና በእናንተ በኦርቶዶክሶቹ ሥርዓት ለእኛ ሠራህልን። በዚያ ሰበብም ከወገን ብዙ ነቀፋ ጠጣህ።

መጨረሻ ላይ ቄስ ይኸነው፣ "ክረምቱ ሳይጠና ጣራው ከተጠገነ ትቆያለች፤ ካልሆነ ትፈርሳለች" ብለው ቆረጡ። ከገበያ ያመጣሁት አናጢ ወደ ላይ አንጋጦ አየና፣ "አባባ፣ ይህን የቋጠረው ይፍታው" ብሎኝ ሄደ።

ስጸልይ ራሴን ጠየቅሁት። አስማረ፣ የምትሟገተው ለእግዚአብሔር ቤት ነው ወይስ ሚስትህ ሸጋ በየዓመቱ በእጇ ለለቀለቀችው ግድግዳ? እሷ ብትሞት ግድግዳዋን ይዘህ ልትቀር ነው? መለየቱ አቃተኝ። ሁለቱም ይሁን ብዬ ተነሣሁ።

ጋሼ፣ ሸጋ የተቀበረች ዕለት ከቤተ ክርስቲያኗ አጥር ውጭ፣ ከብሳናው ሥር፣ ነጠላህን አዘቅዝቀህ ቆመህ አይቼሃለሁ። አንተ አልገባህም፤ እኔም አልወጣሁም። ይኸው ሁለት ዓመት።

የደቡቡን በር ታስታውሳለህ? የሴቶቹን። መዘምራኑን ነፋስ መታቸው ተብሎ በጭቃ ደፈንነው፤ ሸጋ እስክትሞት ድረስ እንዳጉረመረመች ነው። ትናንት መቆፈሪያ ይዤ ሄጄ አፈረስኩት። ማንንም አላስፈቀድኩም። ምስጋናው ሮጦ መጥቶ፣ "አባባ አስማረ፣ ምን እየሆኑ ነው?" ሲለኝ፣ "እንግዳ አለብኝ" አልኩት።

በዚያ ስትገባ በመድረኩ ፊት አታልፍም፣ ከማኅበሩም ጋር አትቆምም። ከደጁ ወደ መሰላሉ ነው። የሴት በር ነው ብለህ ደግሞ ሰበብ እንዳታበዛ። እንድትጸልይ አልጠራሁህም፤ እንጨትህን እንድታይ ነው። ጨርሰህ ስትወጣ የሸጋ መቃብር ከዚያው በር ፊት ለፊት ነው።

የተዘጋው መንገድ በተከፈተ ቀን በመጀመሪያው መኪና ና። ማረፊያህ እኔ ቤት ነው። ባትመጣ ጣራው ላይ እኔው እወጣለሁ፤ እንድትፈርስስ አልተዋትም። መሰላል ላይ እንዴት እንደምሆን ታውቃለህ። ያኔ ስንሠራትም እግሬን ይዘህ ያወረድከኝ አንተ ነህ።

አምላክ ጉልበትህን ያጽናው፤ የያዝከው እንጨት ይታዘዝልህ፤ እመቤትንም ለወግ ለማዕረግ ያብቃት።

ለበሩ መዝጊያ አላበጀሁለትም። መዘምራኑ በረደን ይላሉ፤ እስክትመጣ ይብረዳቸው።

ታናሽህ
አስማረ