በአባቴ ጆሮ ላይ ስለተጣለው ቀረጥ

ለተከበሩ የጉምሩክ ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎም ለቤተሰብዎም ጤና እመኛለሁ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ይህችን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው የመሥሪያ ቤትዎ ውለታ ጓዳ ውስጥ ተደብቆ እንዳይቀር ነው።

ጡረተኛው አባቴ የሚሰሙት በማዳመጫ መሣሪያ ነው። የመሣሪያው ቱቦ ሲሰነጠቅ አገር ውስጥ ፈልጌ ስላጣሁ ከውጭ አዘዝኩ፤ የትንሽ ጣት ጥፍር የምታህል ላስቲክ ናት። እርስዎም በዚያው ሰሞን አነስተኛ ዋጋ ያላቸው ዕቃዎች ያለ ቀረጥ መግባታቸውን አስቀሩ። በፖስታ የሚጎርፈው ርካሽ ቀሚስ የእኔንም ገበያ ገድሎት ስለነበር፣ ሕጉ ሲወጣ ካጨበጨቡት አንዷ ነበርኩ። አሁን ግን ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ቱቦዋን «የሙዚቃ ዕቃ» ብላችሁ ስለመደባችሁልን እናመሰግናለን። በዘራችን ዘፋኝ በቅሎ አያውቅምና ኮራን።

ሁለተኛ፣ ሠራተኛዎ «ለንግድ አለመሆኑን በምን ልመን?» ቢሉኝ ማስረጃውን፣ ማለትም አባቴን፣ ይዤ ቀረብኩ። ሠራተኛውም በትሕትና «አባባ፣ ዕቃው የእርስዎ ነው?» ብለው ጠየቁ። አባቴ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጆችህስ ደህና ናቸው?» አሉ። ጥያቄው ከፍ ባለ ድምፅ ሲደገም መረቋቸው። ለሦስተኛ ጊዜ ሲጮኹ ከባለጉዳዩ በቀር ተሰላፊው ሁሉ ሰማ፤ አዳራሹም በሳቅ አውካካ። አባቴ ምን እንደተባለ ሳያውቁ አብረው ሲስቁ፣ እኔ ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ።

ሦስተኛ፣ ቀረጡ ከዕቃው ዋጋ በለጠ ብዬ አላማርርም፤ የአገር ውስጥ አምራችን ለመጠበቅ እንደሆነ ተነግሮናል። የምትጠብቁትን የጆሮ ቱቦ አምራች ብቻ ብትጠቁሙኝ ደጁን እጠናለሁ። በዚያው ቀን ዕቃ በኮንቴይነር የሚያስገቡ ባለጸጋ በጓሮ በር ገብተው ሻይ ሲጋበዙ ማየቴንም እንደ ክፉ ዓይን አይቁጠሩብኝ፤ ትልቅ ዕቃ ለብቻው በር እንደሚሻ አላጣሁትም።

ከፍ ካለ አክብሮትና ዝቅ ካለ ኪስ ጋር፣

እጅ ነሺዎ፣ ልብስ ሰፊዋ

ሳልረሳው፦ ቱቦዋ ተገጥማለች። አባቴ መጀመሪያ የሰሙት፣ ሕጉ ሕዝቡን እንዴት እንደጠቀመ በሬዲዮ የሚያብራራውን የእርስዎን ድምፅ ነው። ጥቂት አዳመጡና መሣሪያውን አውልቀው «ልጄ፣ ይኼን ለመስማት ነው ቀረጥ የከፈልሽው?» አሉኝ።