ሽጉጥ የማይገባበት ቤት

ጥር 14፣ ሐሙስ
የጁባ ሙቀት አይጣል ነው። ሽሮው ቶሎ አለቀ። ለምሳ ከገቡት ሃያ ሰዎች አሥራ አንዱ ታጥቀዋል... ቆጠርኩ። ባለፈው ወር አንዱ ሲቀመጥ ሽጉጡ ባርቆ፣ ጥይቱ የወጥ ቤቷን የናዝራዊትን እግር ለጥቂት ሳተው። ከዚያ ወዲህ ትሪ በወደቀ ቁጥር ትበረግጋለች። "እትዬ፣ አንድ ነገር ካላደረጉ አልቆይም" አለችኝ። እሷ ከሄደች ምግብ ቤቱ ምን ሊሆን ነው?

ጥር 17፣ እሑድ
በሩ ላይ በእንግሊዝኛም በዓረብኛም አስጻፍኩ፤ መሣሪያ ይዞ መግባት ክልክል ነው። ራሴ በሁለት እጄ እየተቀበልኩ የዱቄቱ ቁም ሣጥን ውስጥ እቆልፋለሁ። ጎጃም፣ አባቴ ቤት፣ የእንግዳ ጠመንጃ ተቀብሎ ግድግዳ ላይ መስቀል የባለቤት ወግ ነበር። ማክበር እንጂ መቀማት አይደለም።

ጥር 21፣ ሐሙስ
ጉድ ሠራሁ! የደንበኛዬን የሻለቃ ጋትሉዋክን ሽጉጥ ቆልፌ፣ ቁልፉን ቦርሳዬ ከትቼ ኮኞኮኞ ገበያ ሄድኩ። ሰውዬው ለሥራ ተጠርቶ ሁለት ሰዓት ሙሉ በሩ ላይ ተንጎራደደ። ጋምቤላ ነው ያደገው፣ አማርኛው ከእኔ ይበልጣል። "ማማ፣ ወታደርን ያለ መሣሪያ አስቀረሽው! ኮርት እንገናኝ!" ማሌሽ፣ ይቅርታ አልኩ፣ ለመንኩ... የት ሰምቶኝ።

ጥር 25፣ ሰኞ
መጥሪያ መጣ። ረቡዕ፣ የሰፈሩ ፍርድ ቤት። ክሱ ሁለት ነው። ደንበኛ ትጥቅ እንዲፈታ ማዘዝ አትችልም፣ ያለ ፈቃድም የጦር መሣሪያ ታስቀምጣለች። እኔ! ማስታወቂያው ይውረድ ከተባለ ናዝራዊት ትሄዳለች። ሻንጣዋን ሸክፋ አይቻታለሁ።

ጥር 27፣ ረቡዕ
ጎረቤቴ፣ ጅምላ ነጋዴው ከማሉዲን አስተረጎመልኝ። ሱቁን ዘግቶ... አላህ ይስጠው። የአባቴን ወግ ተናገርኩ። ዳኛዋ ፈገግ አሉ። "ቤቱ የእሷ ነው፤ የታጠቀ ሰው አላስገባም ማለት መብቷ ነው።" እልል ልል ስል ቀጠሉ። "የሰው ሽጉጥ ተቀብሎ መቆለፍ ግን ያለ ፈቃድ አይቻልም። ከዛሬ ጀምሮ እጇ እንዳይነካው።" ሻለቃው ሰላም ሳይለኝ ወጣ። ማስታወቂያዬ አልወረደም! ግን... ሽጉጡን ቤቱ አስቀምጦ ሽሮ ሊበላ የሚመጣ ማን አለ?

የካቲት 2፣ ሰኞ
ስድስት ሰው ብቻ። ናዝራዊት ግን እያንጎራጎረች ትሠራለች።

የካቲት 8፣ እሑድ
ሻለቃው መጣ! ወገቡ ባዶ፣ ከኋላው ሚስቱና ሦስት ልጆቹ። ክው ብዬ ቀረሁ።
"ሻለቃ፣ ልጆችዎን አንድም ቀን አምጥተዋቸው አያውቁም።"
"በዚያ ሁሉ ሽጉጥ መሀል?"
"ታዲያ ለምን ከሰሱኝ?"
ጢሙን አሻሸ። "ሌላው ሁሉ ትጥቁን መፍታቱን በምን አውቃለሁ? እኔ ብቻዬን ባዶዬን ልቀመጥ? ዳኛዋ ማንም ታጥቆ አይግባ ሲሉ ግን... ተገላገልኩ፣ ማማ።"
ሳቄ መጣ። እንባዬም። ይሄን ያህል ዓመት ስንፈራራ ኖረናል ማለት ነው?
ትንሿ ልጅ አገጯ ጠረጴዛው ላይ አልደርስ ብሏት እናቷ ጭን ላይ ሆና በላች። ለካ ቤቴ ውስጥ አንድም የልጅ ወንበር የለም! ነገ በጠዋት አናጺ ጋ እሄዳለሁ። አራት አሠራለሁ። ኧረ ስድስት።