ከትራሴ ሥር የመዘዝኩት ቢላ

ቢላውን ለማንም ለማያውሰው አባቴ፣

አባዬ፣ ከተለየኸን አሥራ አንድ ወር ሆነ። እንዴት ነህ ብዬ ልጠይቅህ አስቤ ነበር፤ ግን ሰሞኑን ትመልስልኛለህ ብዬ ስለፈራሁ ይቅርብኝ።

ሥጋ ቤትህ ሞባይል መሸጫ ሆኗል፤ የቡራዩ ሰው ግን ዛሬም አቅጣጫ ሲናገር በኦቦ ቶላ ሥጋ ቤት በኩል ይላል። ከጓሯችን ጀርባ የብረት በር የሚሠሩ ልጆች ወርክሾፕ ከፍተዋል። እኔም ወለድኩልህ። ሴት ናት፤ ግንባሯ ቁርጥ ያንተ ነው።

እማዬ ያንን ረጅሙን ቢላህን ከትራሴ ሥር አስቀመጠችው። ብረት ካለ ክፉ ነገር አራስና ሕፃን አይደፍርም ትላለች። ልጅቷ ክርስትና እስክትነሣ ድረስ ንክች እንዳታደርጊው ብላ አስጠነቀቀችኝ።

ከዚያ ወዲህ በየማለዳው ከተዘጋው ክፍልህ ቢላ ሲሳል ይሰማኝ ጀመር። ሦስቴ ሳብ፣ ትንሽ ፋታ፣ ደግሞ ሦስቴ። ያንተ አሳሳል ነው። እማዬ የወርክሾፑ ልጆች ናቸው አለችኝ፤ እኔም አመንኳት። እሑድ ግን ወርክሾፑ ዝግ ነበር። እማዬ ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች፤ ባለቤቴም ገላን ፋብሪካ ተረኛ ነው። ድምፁ መጣ።

በርህን ክረምቱ አሳብጦት ከቀብርህ ወዲህ ተከፍቶ አያውቅም። ብገፋው እምቢ አለኝ። ተመልሼ ቢላውን ከትራሴ ሥር፣ ከልጄ ራስጌ መዘዝኩና በሩና መቃኑ መሃል ሰክቼ ፈነቀልኩ። ቀጭ አለ። ጫፉ ተሰበረ፤ በሩም ተከፈተ። ውስጥ ማንም የለም። ሽርጥህ ምስማሩ ላይ ተንጠልጥሏል፣ ሁሉም አቧራ ለብሷል። መሳያ ድንጋይህ ብቻ እርጥብ ነበር።

ያኔ ልጄን ያለ ብረት ብቻዋን እንደተውኳት ትዝ አለኝና ሮጥኩ። አላለቀሰችም። ከትከሻዬ በላይ የሆነ ነገር አተኩራ ታያለች። ዞር ብዬ ለማየት አልደፈርኩም። ፈራሁ አባዬ፤ አንተን ፈራሁ። ስባሪውን ትራሴ ሥር መልሼ ደበቅኩት፤ ለእማዬም ትንፍሽ አላልኩም።

በልጅነቴ የቀለም ቆርቆሮ ልከፍት ብዬ ትንሹን ቢላህን ሰብሬ አልጋ ሥር የተደበቅኩበትን ቀን ታስታውሳለህ? ቢላ መፈንቀያ ነው ወይ ብለህ ጮህክብኝ። በማግሥቱ ግን ስባሪውን ስለህ፣ አዲስ ጫፍ አውጥተህለት፣ ያንቺ ነው ብለህ ሰጠኸኝ።

ዛሬ ጠዋት ትራሴን አነሣሁ። ቢላው እንዳጠረ ነው፤ ጫፉ ግን ተስሎ ሹል ሆኗል። እማዬን አልጠየቅኳትም፤ እኔ አይደለሁም እንዳትለኝ።

ልጄም አድጋ አንድ ቀን ቢላ መስበሯ አይቀርም። እቆጣታለሁ፤ በማግሥቱ ስዬ ስሰጣት ከማን እንደተማርኩት እነግራታለሁ። በዚህ ቤት ስምህ አይረሳም።

ክፍልህን አልዘጋሁትም፤ በሩን ገርበብ አድርጌዋለሁ። ድንጋዩ አጠገብም ውሃ አስቀምጬልሃለሁ።

ልጅህ