ሊሾ የዋጣት ምስማር

ልጄ፣ የረገጥሽው ሁሉ ይጽናልሽ። እኛ ደህና ነን፤ አንቺ ብቻ ቁርስሽን አትዝለይ።

ወንድምሽ ካባትሽ ቀብር በኋላ ለለቀስተኛው ይመቻል ብሎ ግቢውን ሊሾ አስደረገው። ትናንት የአባትሽ ባልደረባ፣ ቀያሹ፣ ጂፒኤሱን ተሸክሞ መጣና «እትዬ፣ የጋሼ ምስማር የታለች?» አለኝ። ለካ አባትሽ ሰፈሩን የለካው መሣሪያውን ግቢያችን መሬት ላይ በመታት በእሷ ላይ እየተከለ ነው፤ ከሌላ ቦታ ከተጀመረ አዲሱ ልክ ከድሮው አይገጥምም። ወንድምሽ ክው አለ። ሊሾውን በመሮ ፈልፍለው ከቦታዋ ሳትነቃነቅ ገለጧት። ሁሉም ደስ አላቸው፤ እኔ ፍርስራሹን ጠረግኩ።

«እትዬ፣ ሳተላይት እስኪይዝ መሣሪያው እንዳይነቃነቅብን ራቅ ብለው ይቀመጡ» አለኝ። ተቀመጥኩ። ሰውየው ለክቶ ጨርሶ ሄደ፤ እኔ ግን እዚያው ነበርኩ። ሲመሽ ወንድምሽ እጄን ይዞ አስገባኝ።

አምላክ ካለሽበት አያናውጥሽ። ስትመጪ፣ አደራ፣ ዞር ብለሽ እለፊ፤ ምስማሯን እንዳትረግጫት።

እናትሽ