በቀይ የተጻፈው ስሜ

ነሐሴ 3

ጠዋት ባልዲና ጭልፋ ይዤ ወደ መካነ መቃብሩ ወጣሁ። የባለቤቴን የማርፋን ድንጋይ አጠብኩ፤ አረሙን ነቀልኩ፤ ሻማ አበራሁ። ከታች የሃኮዳቴ ባሕር ጸጥ ብሏል። ጀልባዎቹ ገብተዋል።

ድንጋይ ጠራቢው ኩዶ ትናንት መጥቶ ቀዩን ቀለም አድሶልኛል። ከእሷ ስም ጎን የተቀረጸውን የእኔን ስም የጨው ነፋስ አደብዝዞት ነበር። አሁን ደምቋል... ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ይህ ቀለም አንድ ነገር ብቻ ሲናገር ኖረ፤ ባሏ ገና በሕይወት አለ፣ ቦታው ተጠብቆለታል። የምቀበር ዕለት ቀዩን ይፍቁታል፤ ስሜም እንደ ስሟ እርቃኑን ይቀራል። የእኛ የጃፓናውያን የአባቶች ወግ ነው። ሴት አያቴም ወንድ አያቴን እንዲሁ ጠበቀች።

ኩዶ ግን ቀለሙን ሳያበዛው አልቀረም። ከመንገድ ይታያል።

በቤተ ክርስቲያን የሠርክ ጸሎቱን እንደ ወትሮው እኔ አነበብኩ። ድምፄ እየሳሳ ነው።

ነሐሴ 9

ሙታን የሚታሰቡበት ሳምንት። ከተማው ሁሉ ወደ መቃብር ወጥቷል። እኔም ወጣሁ... ባልወጣሁ።

ሦስት ተማሪዎች ማርፋ ፊት ቆመው በስልካቸው ፎቶ ያነሳሉ።

«ስሙን ጮክ ብለሽ እንዳታነቢው ብዬሻለሁ» አለች አንዷ።

«ምን ታደርገናለች? እሷ የምትሳፈረው ታክሲ ነው፤ እኛ የመጣነው በአውቶቡስ ነው።»

ማን ናት የምትሳፈረው ብዬ ጠየቅሁ።

«አባባ፣ የሃኮዳቴ ሰው አይደሉም እንዴ? ሙሽራዋ ናት እኮ። ሩሲያዊ መርከበኛ ስትጠብቅ ስትጠብቅ ባሕር ገባች። ዝናብ ሲዘንብ እዚህ በር ላይ ታክሲ ታስቆማለች። ወደብ ሲደርሱ ሴትዮዋ የለችም፤ ወንበሩ ግን ውኃ በውኃ ሆኗል።»

«ቀዩስ ምንድን ነው?» አልኩ።

«የመርከበኛው ስም ነዋ። በደሟ ነው የጻፈችው። ይኸው፣ ኢግናቲ ይላል። እንዲህ የሚባል ጃፓናዊ የት ያውቃሉ?»

«ይህ የእኔ ስም ነው» አልኩ።

የክርስትና ስም መሆኑን ለማስረዳት ጊዜ አልሰጡኝም። አንዷ ወደ ኋላ ስትሸሽ ያስቀመጥኩትን አበባ ረገጠችው። ከዚያ ቁልቁለቱን ሮጡ።

ማርፋ ጀልባ ላይ ወጥታ አታውቅም። ውኃ ትፈራ ነበር። በኩላሊት ሕመም አልጋዋ ላይ፣ እጇ በእጄ ውስጥ እንዳለ ነው ያረፈችው። አርባ አንድ ዓመት በተክሊል የኖረችውን ሴት የመርከበኛ ወዳጅ አደረጓት? በምን አንደበት?

ነሐሴ 11

ማስታወቂያ ጻፍኩ። በብሩሽ፣ በጥሩ ቀለም፣ ፊደሉን አሳምሬ። «በዚህ ያረፈችው ማርፋ ናሩሚ በውኃ አልሞተችም። መርከበኛም አታውቅም። ቀዩ የሕያው ባሏ ስም ነው፤ ደም አይደለም።» በሩ ላይ ሰቀልኩት።

አባ ገብርኤል አንብበው ጢማቸውን ያዙ። «ጋሽ ኢግናቲ፣ ባይጽፉት ይሻል ነበር።»

«እውነት ነው የጻፍኩት፣ አባ።»

«እውነት መሆኑንማ አላጣሁትም።»

ነሐሴ 14

አሁን ፎቶ የሚያነሱት ማስታወቂያውን ነው። «ደም አይደለም» የሚለውን ቃል በጣታቸው እየጠቆሙ።

ነሐሴ 19

የድንጋዩን ጥግ ሰብረው ወስደዋል። ገድ ያመጣል ብለው ይሆናል። ወይስ ለመኩራሪያ? ስብራቱ ነጭ ነው። እንደ ጥርስ።

ከቅዳሴ በኋላ የሰበካው ጉባኤ ተቀመጠ። ወይዘሮ ኡሜኖ ተነሥታ፣ ሰዉ የሌላውንም መቃብር እየረገጠ ስለሆነ የማርፋ ድንጋይ ይነሣ፣ አጽሟም ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ወዳለው የጋራ መቃብር ይግባ አለች።

«እኔስ?» አልኩ።

«እርስዎም ጊዜዎ ሲደርስ እዚያው ይገባሉ፣ ጋሼ። ሁላችንም የምንገባበት ነው።»

ከሃምሳ ሰው ጋር፣ ያለ ስም... ለማርፋ የማልሁላት እንዲህ ብዬ አልነበረም። አባ ገብርኤል እስከ መጀመሪያው በረዶ ይታገሡ ብለው አስቆሙት። እስከዚያ ሰዉ ካልቀረ ግን ይነሣል።

ወይዘሮ ኡሜኖን ስወጣ አልተሰናበትኳትም። ሆን ብዬ ነው።

ነሐሴ 24

የወሬውን ምንጭ አገኘሁት። ሺራቶ ነው። ባለ ታክሲው ሺራቶ!

ማርፋን በሳምንት ሦስት ቀን ወደ ሆስፒታል ያመላለሳት እሱ ነበር። ከእጇ በጨው የተቀመጠ ጎመን የበላ። የቀብሯ ዕለት ቆቡን አውልቆ ያለቀሰ። ባቡር ጣቢያው ፊት መኪናውን ሲወለውል ደረስኩበት።

«ጋሽ ናሩሚ፣ ይግቡ፣ ይግቡ። የት ላድርስዎ?»

«አልገባም። ሙሽራዋን ማን ፈጠራት?»

ጨርቁን ቀስ ብሎ አጣጠፈ። «እኔ ሙሽራ አላልኩም።»

«ምን አልክ?»

«አንድ ደንበኛ በበሩ ስናልፍ ቀዩን አይቶ ጠየቀኝ። እዚያ ያረፈችውን ሴት አውቃታለሁ አልኩት። አንድ ቀን ዝናብ መቷት ገብታ ወንበሬን አረጠበችው፤ እፍር ብላ እስክንደርስ በሻሿ ስታደርቅ ነበር፤ እንደሷ ያለ ጨዋ ሰው ጭኜ አላውቅም አልኩት። ይኸው ነው። ዋሸሁ?»

አልዋሸም። ያን ሻሽ ምድጃው አጠገብ ያሰጣሁት እኔ ነኝ።

«መርከበኛውስ?»

«እሱን ከሳፖሮ የመጡ ባልና ሚስት ናቸው ያመጡት። የራሴን ወሬ መልሰው ለእኔው ሲነግሩኝ ሴትዮዋ የተሳፈረችው ከሞተች በኋላ ሆኗል፣ መርከበኛም ገብቶበታል። እንደሱ አይደለም ብላቸው ፊታቸው ጥቁር አለ። እንደ ሌባ ነው ያዩኝ።»

«ስለዚህ?»

«ስለዚህ... የሚቀጥለው ሲጠይቀኝ እነሱ እንዳሉት ነገርኩት። ጋሼ፣ ደግ ሴት ነበረች ብትለው ሰው በመስኮት ውጭ ውጭውን ያያል። ባሕር ገባች ስትለው መኪናውን አቁም ይልሃል።»

«ከእንግዲህ ስሟን በአፍህ እንዳታነሣ።»

«ስሟንማ ማን ያነሣል፣ ጋሼ? ሙሽራዋ ነው የሚሏት።»

በእግሬ ተመለስኩ። ወንበሩን ያደረቀችበት ደግነቷ ነው እንግዲህ የመስጠም ማስረጃ የሆነባት።

መስከረም 2

ዛሬ አልቆረብኩም። «የበደሉንን ይቅር እንደምንል» የሚለው ላይ ስንደርስ ሕዝቡ ቀጠለ፤ እኔ ዘለልኩት።

መስከረም 5

ዝናብ። በሩ ላይ ዐሥራ አንድ ጃንጥላ ቆጠርኩ። ታክሲ እስክትሳፈር እየጠበቋት ነው።

መስከረም 9

የወትሮው ጸጉር አስተካካዬ ታሟል። ጣቢያው አጠገብ ወዳለው አዲስ ቤት ገባሁ። ወጣቱ አያውቀኝም። ነጩን ጨርቅ አንገቴ ላይ አሰረና ወሬውን ጀመረ።

«ከላይኛው ሰፈር ነዎት፣ አባባ? ሽማግሌውን አይተውት ያውቃሉ?»

«የቱን ሽማግሌ?»

«ባልዲ የሚይዘውን። አንገትዎን ዘንበል... ጎሽ። ከመቃብሩ አጠገብ ብቅ ይልና ‹ይህ የእኔ ስም ነው› ይላል። ተማሪዎች በዓይናቸው አይተውታል። እግር የለውም።»

በመስተዋቱ ተመለከትኩ። ከጨርቁ በታች የእኔም እግር አይታይም።

«መርከበኛው ነው?»

«ነዋ። አርጅቶ ተመለሰ። ግን ስሙ ቀይ እንደሆነ አጠገቧ መግባት አይችልም አሉ። ቀዩ ሲጠፋ ይገባል፤ ያን ጊዜ እሷም ታርፋለች፣ ነገሩም ያልቃል።»

«እሷስ አሁን ምን ታደርጋለች?»

«እሷ? እሷማ ጊዜዋ አለፈባት፣ አባባ። አሁን ሰዉ የያዘው ሽማግሌውን ነው።»

መላጣዬን በፎጣ ጠረገልኝ። ሒሳቤን ከፍዬ ወጣሁ። መንገድ ላይ ነው የገባኝ... እነዚህ አላዋቂዎች ዞረው ዞረው ወጋችን ደጃፍ ደርሰዋል። ቀዩ ሲጠፋ ይገባል። ይህንማ አያቴም ትለው ነበር።

እውነቱን ነገርኳቸው፤ እንደ ማገዶ ጨመሩት። የሚፈልጉት እውነት ሳይሆን መጨረሻ ከሆነስ?

መስከረም 12

ኩዶን ጠራሁት። ቀዩን ፋቅ አልኩት።

«ጋሼ፣ ይሄ የሚፋቀው እኮ ሲሞቱ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ቆመው ያናግሩኛል።»

«እጅህን እንጂ ምስክርነትህን አልፈለግሁም፣ ኩዶ። ፋቅ።»

እያጉረመረመ ፋቀ። ሲጨርስ እንደ ልማዱ ለሟች እጅ ሊነሣ ወደ ድንጋዩ ጎንበስ አለ፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረ፤ ከዚያ ወደየት እንደሚሰግድ ጠፋውና ዕቃውን ሰብስቦ ሄደ።

ማርፋ። ኢግናቲ። ሁለቱም አንድ ዓይነት ግራጫ። እዚያው ቆሜ የራሴን ጸሎተ ፍትሐት በለሆሳስ ማንበብ ጀመርኩና ተውኩት። ድፍረት ይሆናል።

ሐሰት ነው ያደረግሁት? ለአባ ገብርኤል ተናዘዝኩ። «ለማንም ሞቻለሁ አላልኩም፤ ቀለም ነው ያስነሣሁት» አልኳቸው። «ሺራቶም ወንበሬ ረጠበ ብቻ ነው ያለው» አሉኝ።

ቀዩን ግን አላስመልሰውም።

መስከረም 24

ድንጋዩ አጠገብ የቆሙ ሁለት ሰዎች ብቻ። አንደኛው ስልኩን አወጣና መልሶ ከተተው።

«ቀይ የለም እኮ።»

«አገኛት ማለት ነው። እንሂድ በቃ።»

ጥቅምት 21

ማታ የመጀመሪያው በረዶ ተራራው ጫፍ ላይ ወረደ። ታች ለከተማው ዝናብ ነው። ጉባኤው ትናንት ተቀምጦ የማርፋን ነገር ሳያነሣ ተነሣ። ወይዘሮ ኡሜኖ የምድጃ ጋዝ ዋጋ ስትቆጥር ዋለች።

ከሰዓት በኋላ ወጣሁ። ማንም የለም። በሩ ላይ አንድ ጃንጥላ የለም። በስብራቱ ላይ ዓረንጓዴ የድንጋይ ሽበት ጀምሯል። ድንጋዩን አጠብኩ፤ ስሟን ጮክ ብዬ ጠራሁ። ከእኔ በቀር የሚጠራው የለም፤ እንዲህም ይሻላል።

ስወጣ ዝናቡ በረታ። ጉልበቴም እምቢ አለ። በሩ ላይ ቆሜ ለታክሲ እጄን አነሣሁ። ቀረበና ፍጥነቱን ቀነሰ። ወጣት ሾፌር ነው። ፊቴን አየ፤ ባልዲዬን አየ... ነዳጁን ረግጦ ተፈተለከ። ሁለተኛው ደግሞ ገና ከሩቅ ሲያየኝ መብራቱን አጥፍቶ ዞረ።

ሺራቶ ቢሆን ይቆም ነበር። እኔ ግን አልገባለትም ነበር።

ለእሷ የነበረውን ወሬ ለእኔ ሰጡኝ። ይሁን። ያውሩኝ። እኔ ሰምቼ መቆጣት እችላለሁ፤ እሷ አትችልም።

ቁልቁለቱን በእግሬ ወረድኩ። ጫማዬ ውኃ ቋጥሮ ነበርና እያንዳንዱ እርምጃ እስከ ቤቴ ደጃፍ ድረስ ተሰማ።