ሰልፍ ያልነበረበት ጠዋት

ሰኞ

እስክሪብቶዬን ከእጄ ቀማኝ። ያውም ታካሚ እያየ። አቶ ታደሰ ነው፣ የሥራ ሂደት ባለቤታችን። ቢሮ ውስጥ «እርስዎ» እለዋለሁ፤ እዚህ ደብተር ላይ ግን አልገደድም።

ወንጀሌ ምንድን ነው? ኮምፒውተሩ የሚያትመው የቀጠሮ ወረቀት ሰዓቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ይጽፋል። ጠዋት ሁለት ሰዓት የተቀጠረ ሰው ወረቀቱ ላይ 8:00 AM ይወጣለታል። እዚህ ሶዶ ከተማም ይሁን ገጠር ቤሌ፣ 8 ያየ ሰው ስምንት ሰዓት ብሎ ያነባል፤ ምሳውን በልቶ ይመጣል። ስለዚህ ይህ ሶፍትዌር ከተተከለ ጀምሮ በየወረቀቱ ጥግ ላይ «ጠዋት 2 ሰዓት» እያልኩ በእጄ ስጽፍ ኖሬያለሁ። ማንም አላዘዘኝም፤ ማንም አላመሰገነኝም። ዛሬ ገና ታየሁ፣ እሱም ለቁጣ።

ረቡዕ ከክልል እንግዶች ይመጣሉ፤ ሆስፒታላችን በቀጠሮ አሠራሩ ሞዴል ሊባል ነው። በታተመ ወረቀት ላይ መሞነጫጨር ሲስተሙን ያስነቅፋል አለኝ። ላስረዳው ስጀምር «ማርታ፣ አንቺ ለውጡን አልተቀበልሽም» ብሎ ሄደ። እስክሪብቶውን ይዞት ነው የሄደው።

ሌላ ሳምንት ቢሆን ባልከፋኝ። በዚህ ሳምንት ግን የዐይን ሐኪሞች ከአዲስ አበባ መጥተዋል። የዐይን ሞራ ያለበትን ጠዋት ይመረምራሉ፣ ከሰዓት ደግሞ በዋዜማው ለተመረመሩት ቀዶ ሕክምና ያደርጋሉ። ቅዳሜ ይሄዳሉ። ከዚያ በኋላ መቼ እንደሚመለሱ የሚያውቅ የለም። የረቡዕ ተረኞች የቤሌና የሃላሌ ሰዎች ናቸው። ወረቀታቸው ዛሬ በሆስፒታሉ መኪና ሄደ፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ያድሉታል። ትእዛዝም አብሮ ሄዷል፤ ሰልፍ እንዳይፈጠር ከተጻፈው ሰዓት ቀድሞ የመጣ አይስተናገድም ተብሏል።

አንዱም ወረቀት ላይ የእኔ ጽሑፍ የለም። ፈርቻለሁ።

ማክሰኞ

ሶፍትዌሩን የሠራው ልጅ መጣ። ሄኖክ ይባላል፣ የአዲስ አበባ ልጅ ነው። አዳራሽ ውስጥ ሥልጠና ሰጠ። የሠለጠኑት ኃላፊዎቹ ናቸው። ሶፍትዌሩን አንድ ቀን ከፍቶት የማያውቀው አቶ ታደሰ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ ማስታወሻ ይይዛል። ቀኑን ሙሉ ከእሱ ጋር የምውለው እኔ አልተጠራሁም።

ለልጁ ልነግረው ያሰብኩት ብዙ ነበር፦

የቤተሰብ ስም ካልሞላሁ አያሳልፈኝም። የአባት ነው የአያት? እንደ ቀኑ ስሜቴ እሞላዋለሁ።

ዚፕ ኮድ፣ የፈረንጅ የፖስታ ቁጥር፣ ሳይሞላ አይታለፍም ተብሎ በቀይ ኮከብ። ሶዶ ውስጥ ዚፕ ኮድ ያለው ሰው ካለ ይምጣና ልየው። ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ።

የትውልድ ቀን። «በድርቁ ዘመን ነው የተወለድኩት» የሚሉኝን እናቶች ሁሉ ጃንዋሪ አንድ ቀን አስወልጃቸዋለሁ።

የማስቀመጫው ቁልፍና ሁሉን የሚያጠፋው ቁልፍ ጎን ለጎን ናቸው፣ ቀለማቸውም አንድ። ስንቱን ሰው ሁለት ጊዜ ስሙን ጠይቄዋለሁ።

በሻይ ሰዓት ያዝኩት። ጊዜ ስለሌለኝ የሰዓቱን ብቻ ነገርኩት። ክፉ ልጅ አይደለም፣ ፈገግ ብሎ ነው የሰማኝ። «AM ይላል እኮ። ስታንዳርድ ነው፣ ተጠቃሚው ይለምደዋል» አለ። የሃላሌ ገበሬ ነው የሚለምደው? አልኩት። እሱ ተጠቃሚ የሚለው እኛን ሠራተኞቹን መሆኑን ነገረኝ። ወረቀቱን ይዞ የሚመጣው ሰው በሐሳቡም አልነበረም።

ከዚያ ወደ ኃላፊዎቹ ዞሮ «ነገ ሁለት ሰዓት ላይ እንጀምራለን፣ እንዳታረፍዱ» አላቸው። ስምንት ሰዓት ማለትህ ነው? ብዬ ጠየቅኩት። የቀለድኩ መስሎት ሳቀ።

ቤሌ ጤና ጣቢያ ስልክ ስደውል ዋልኩ። ኔትወርክ የለም። ሃላሌማ ጭራሽ።

ረቡዕ

በንዴት ነው የምጽፈው።

ጠዋት ወለሉ ታጥቧል፣ አግዳሚ ወንበሮቹ ተደርድረዋል፣ ሰው የለም። እንግዶቹ ገቡ። አንደኛው ዙሪያውን አይቶ «ሰልፉ የታለ?» አለ። አቶ ታደሰ ደረቱን ነፍቶ፣ ይህ የሲስተሙ ውጤት መሆኑን አስረዳ። ባዶ አዳራሽ ውስጥ ቆመው አጨበጨቡ። ፎቶም ተነሡ። ሄኖክን መሐል አስገቡት።

ከዐይን ሐኪሞቹ አንዷ ከበሩ ብቅ ብላ ሰዎቹ የት እንዳሉ ጠየቀችኝ። ከምሳ በኋላ ይመጣሉ ብዬ ምክንያቱን ነገርኳት። ከሰዓት የማክሰኞዎቹ ቀዶ ሕክምና ስላለባት ምርመራ ልታደርግ እንደማትችል ነግራኝ እስከ ቀትር ድረስ እጇን አጣጥፋ ተቀመጠች። ከአዲስ አበባ ድረስ መጥታ!

ስምንት ሰዓት ላይ ግቢው ሞላ። ትክክለኛ ሰዓታቸው ነው። አንዱ የሌላውን ትከሻ ይዞ፣ በዱላ መሬቱን እየፈለገ። ዘበኛው በር ላይ ቆሞ «አርፍዳችኋል፣ የጠዋት ነበር» ይላል። ምን ያድርግ፣ በል ያሉትን ነው የሚለው።

አንድ ሽማግሌ መስኮቴ ድረስ መጡ። አቶ ባሳ ይባላሉ፣ ከቤሌ፣ ሸማኔ። አንዱ ዐይናቸው ከጠፋ ቆይቷል፣ ሁለተኛውንም ነጭ ጋርዶታል። ክሩን በጣታቸው እየዳሰሱ ነው አሁን የሚሠሩት፤ ሲበጠስ የሚቀጥልላቸው ሰው ይጠራሉ። ወረቀቱን ያነበበችላቸው ልጃቸው ናት፣ ስምንት ይላል አለቻቸው። ይላል እኮ! ያለቀ ነገር መሆኑን ስነግራቸው ወረቀቱን በጥንቃቄ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ወደ መናኸሪያ የሚወስዳቸው ሰው ፈለጉ።

እንግዶቹ ያን ጊዜ ምሳ ላይ ነበሩ።

ሐሙስ

ግምገማ። የዐይን ሕክምናው ለምን ከታቀደው በታች ሆነ? ለዚያው ለባዶው አዳራሽ እኮ ነው ትናንት ያጨበጨቡት።

አቶ ታደሰ ሲስተሙ በክልል ደረጃ የተመሰገነ መሆኑን አስቀድሞ ካስመዘገበ በኋላ ጣቱን ወደ እኔ ዞር አደረገ። ቀጠሮ ክፍሉ ላይ የአመለካከት ችግር አለ፤ ማርታ ግለ ሂስ ታድርግ አለ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው።

ተነሣሁ። «አንድ ሰው ቢሳሳት ጥፋቱ የራሱ ሊሆን ይችላል። የቤሌና የሃላሌ ሰው በሙሉ በአንድ ቀን ከተሳሳተ ግን የተሳሳተው ወረቀቱ ነው። እኔ ግለ ሂስ የለኝም» ብዬ ተቀመጥኩ። ቃለ ጉባዔ ያዡ እንኳ አልጻፈውም።

ከሰዓት፣ ግምገማው ላይ የሰማኝ ሄኖክ ወንበር ጎትቶ ከጀርባዬ ተቀመጠ። ሥራዬን ሠራሁ። ዜሮ ዜሮ ዜሮ ስመታ አየ። አንዲት እናት ጃንዋሪ አንድ ቀን ስትወለድ አየ። ከጉኑኖ የመጡ ሰዎች ወረቀቱን ተቀብለው፣ ዘቅዝቀው አይተው፣ «ስንት ሰዓት ነው ልጄ?» ሲሉኝ ሰማ። ይህን ከመሥራቱ በፊት ግማሽ ቀን እዚህ ቢቀመጥ ኖሮ! ግማሽ ቀን ብቻ። ቁጭቴ እሱ ነው።

ቢሮው ሊዘጋ ሲል ሄኖክ ወረቀቱ በአማርኛ «ጠዋት 2 ሰዓት» ብሎ እንዲያትም አደረገው። ይህን ያህል ቀላል ነበር? አልኩት። አንገቱን ደፋ። አቶ ታደሰ ግን ለውጡ በክልል ሳይጸድቅ ሥራ ላይ እንዳይውል አስቆመው።

ሐኪሟ ጋ ሄድኩ። የረቡዕ ሰዎችን ቅዳሜ ጠዋት ካመጣሽልኝ ከመሄዴ በፊት አይቼ፣ ሞራው የደረሰውን እዚያው እሠራለሁ አለች። መኪና ጠየቅን። መኪናው እንግዶች ይሸኛል ተባልን።

ዓርብ

ፈቃድ አልጠየቅኩም። በመጀመሪያው አውቶቡስ ቤሌ ወረድኩ።

ከጤና ኤክስቴንሽኗ ጋር ቤት ለቤት ዞርን። ያገኘነው አለ፣ እርሻ የወጣ አለ፣ «ደግመን አንዋረድም» ያለ አለ። ሃላሌ አልደረስኩም። መንገዱም ቀኑም አልበቃኝም። እነሱን ማን እንደሚነግርልኝ አላውቅም፣ ይህ እንቅልፍ ይነሣኛል።

አቶ ባሳን የሽመና ጉድጓዳቸው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ድምፄን አወቁት። የተቀቀለ ጎደሬ በሚያቃጥል የዳጣ ማባያ ቀረበልኝ፣ ሳትበዪ አልሰማሽም አሉ። ከበላሁ በኋላ ነገርኳቸው።

አልሄድም አሉ። በወላይትኛ ነው የምናወራው። «ልጄ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። የተማረ ሰው የጻፈውን ወረቀት እኛ ነን በትክክል ያላነበብነው። ሐኪሞቹ ጠብቀውኝ አረፈድኩ። አሁን በምን ፊቴ እሄዳለሁ?»

ከግምገማው ሁሉ ይህ በለጠብኝ። አቶ ታደሰ ሲወቅሰኝ መልስ ነበረኝ። እኚህ ሰው ራሳቸውን ሲወቅሱ ምን ልበል? እየደጋገምኩ አላረፈዱም አልኳቸው፤ አላመኑኝም። ልጃቸው አለቀሰች። ያነበበችው እሷ ናታ። በመጨረሻ ለልጃቸው ሲሉ ተነሡ።

ዛሬ እኔ ቤት ያድራሉ።

ቅዳሜ

ከረቡዕ ሰዎች ግማሹ እንኳ አልመጣም። ከሃላሌ አንድም ሰው የለም።

ሐኪሟ ሻንጣዋ በሩ ሥር ነው፤ ጓደኞቿ መኪና ውስጥ መግባት ጀምረዋል። አቶ ባሳን መጨረሻ ላይ አየቻቸው። በባትሪ አበራች፣ ዝቅ ብላ አየች፣ እንደገና አየች። የጠፋው ላይመለስ ይችላል፣ ሁለተኛው ግን በቀዶ ሕክምና ይበራል፤ ሳልሠራላቸው አልሄድም አለች። ሾፌሩ እንዲጠብቅ ላከችበት።

ተረጎምኩላቸው። አቶ ባሳ ከወንበሩ ተነሡ፣ ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ድምፅዋ ወደመጣበት አጎንብሰው በወላይትኛ ረጅም ነገር ተናገሩ። በማርፈዴ ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ያልተማርኩ ሰው ነኝ፣ ሰዓት አላውቅም፣ ጊዜሽን አባከንኩ አሉ።

«ምን አሉ?» አለችኝ ሐኪሟ።

«በሰዓቴ ነው የመጣሁት ይላሉ» አልኳት።